ከእጅ ጣት እስከ እግር ጣት

ጠዋት ጠዋት ምንጣፉ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። ሌሊቱን አልጋዬ ሥር ተጠቅልሎ ያድርና ሰማዩ ሲገረጥ ራሱን ዘርግቶ «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ኤልዳና፤ እንለካ?» ይላል። ደገፍ የሚባለው ተሸካሚ ወንበሬ ከአልጋ አንስቶ ምንጣፉ ላይ ያስቀምጠኛል። እግሬን እዘረጋለሁ፤ ጉልበቴን ሳላጥፍ ሁለት እጄን ወደ እግሬ ጣቶች እስከቻልኩት እሰዳለሁ። የእጄ ጣት ከቆመበት የእግሬ ጣት እስካለበት ያለው ባዶ ቦታ ክፍተት ይባላል። አዳማ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው ስለ እሱ ነው።

«ክፍተትሽ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ስንዝር ከጋት።»

ሚዛን ከቀረ ቆይቷል። ውፍረት በእኛ ዘመን እንደ ቁመት ያለ ነገር ነው፤ የሚያፍርበትም የሚኮራበትም የለም። የአካል መድን ማወቅ የሚፈልገው ሰውነታችን ምን ያህል እንደሚታጠፍ ብቻ ነው። ሴንቲ ሜትር ሰው ያስጨንቃል ተብሎ ክንድ፣ ስንዝርና ጋት ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ተመልሰው መጥተዋል። እኔ በበኩሌ በክንድም ተጨንቄአለሁ።

ደገፍን ወንበር ነው ቢሉት ያንስበታል። ከአልጋ ያነሳል፣ ጠረጴዛ ድረስ ያደርሳል፣ ሊፍት ይጠራል። ታላቅ ሰው ሲገባ ከፍ ብሎ «ኖር» ይላል፤ የገባው ሰው ደገፍም ዝቅ ብሎ «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ወንበሮቹ ሲከባበሩ እኛ ምሳችንን እንበላለን። እኔ ሥራዬንም የምሠራው እሱ ላይ ሆኜ ነው። ሳሎኔ ተቀምጬ የሞጆ ደረቅ ወደብን ክሬን እነዳለሁ። ጣቴን ሳነቃንቅ ኮንቴይነር ይነሳል፤ የወደቀች ካልሲዬን ግን ማንሳት አልችልም።

ነገሩ የጀመረው ጥር ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ምንጣፉ እንደ ልማዱ ለካኝ። ሲናገርም ድምፁን አለስልሶ ነበር።

«ክፍተትዎ አንድ ክንድ ሞልቷል። እስከ መስከረም ከስንዝር በታች ካልወረደ ሙሉ ደገፍ፣ ማለትም ያለ ደገፍ የማይኖር ሰው፣ ይባላሉ። ሜዳ መንደር ቦታ ተይዞልዎታል፤ እንኳን ደስ አለዎት።»

ሜዳ መንደር ወንጂ አጠገብ ነው። ደረጃ የለውም፣ ደፍ የለውም። የዓሣ ኩሬ አለው፣ ምግቡም ጥሩ ነው ይባላል። የጎረቤቴ የሲፈን ወንድም ከሄደ ዓመት አልፎታል። በምስል ይደውላል፤ ደስተኛ ነኝ ይላል። ሲፈን ግን አንድ ነገር ሳትነግረኝ አላለፈችም። «ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የሚደውለው» አለችኝ። «ከኋላው ያለችው መስኮት አንድ ቀን እንኳ ቦታዋን አልቀየረችም።»

እኔን ያስፈራኝ መስኮቱ አይደለም፤ እናቴ ናት። እናቴ ህሊና ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ከእኔ ጋር አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። ደገፍ የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም። ሊሰጧት በመጡ ቁጥር «ሳልሞት ማንም አይሸከመኝም» ብላ መልሳቸዋለች። መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ የእግሯን ጥፍር ራሷ ትቆርጣለች። ምንጣፉ አንዴ ሊለካት ሞክሮ እጇ ከእግሯ ጣት አልፎ ስለሄደበት ተበላሽቻለሁ ብሎ ጠጋኝ ጠራ። እንግዲህ ሜዳ መንደር የሚገባው ሙሉ ደገፍ የሆነ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ጤነኛ ስለሆነች አይፈቀድላትም። ስጠይቅ ምንጣፉ በትሕትና መለሰልኝ፦ «እናትዎን በፈለጉ ጊዜ በምስል ያገኟቸዋል።»

ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ ስለታጠፍኩ እዚህ ልቀር፣ አንቺ ስላልታጠፍሽ ልትሄጂ?»

«እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ታጠፊ» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ስትለቅም ግን ጠጠሩን አስቀርታ ምስሩን ትጥል ነበር፤ አየሁት።

በማግስቱ መምህርት ሊን ጋ ወረድኩ። ሊን አያቷ ባቡር ሐዲድ ሊሠሩ ከቻይና መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አዳማ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። በብሎካችን ግቢ ስምንቱ ጥለት የሚባል የጥንት የቻይና እንቅስቃሴ ታስተምራለች። በየብሎኩ እንዲሰጥ መድኑ የፈቀደው ነው። ሌሎቹ ግቢዎች ለስላሳ ንጣፍ አላቸው፤ ሰው ከነደገፉ ገብቶ፣ ከጎኑ አቁሞት ይሠራል። የእኛ ግቢ ግን ንጣፉ ተጀምሮ የቀረ ነው። ኮብልስቶኑ እንደተከመረ ነው፣ መሬቱ ጠጠር ነው፤ ደገፍ ከገባበት ጎማው ይሰምጣል። ስለዚህ ደገፎቻችንን አጥሩ ጥግ ደርድረን፣ እየተደጋገፍን በእግራችን እንገባለን። ከግንባታ የተረፈ ብሎኬት አለ፤ ሲደክመን እሱ ላይ እንቀመጣለን።

ስምንቱ ጥለት ሲያዩት ምንም አይደለም። መጀመሪያ ሁለት እጅ ሰማይን ደግፎ ይነሳል። ቀጥሎ እንደ ቀስት መሳብ አለ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት አለ፣ ወገብ ማወዛወዝ አለ። ስድስተኛው ሁለት እጅ ጀርባን ተከትሎ ወርዶ እግርን የሚይዝበት ነው። «ኩላሊትና ወገብ ያጠነክራል ይላሉ ቻይኖቹ» ትላለች ሊን፣ ራሷ ከየት እንደመጣች የረሳች ይመስል። የእኔ እጅ የመጀመሪያ ቀን ጉልበቴ ላይ ደርሶ ቆመ። ተንፍሼ ልግፋ ስል ሊን ትከሻዬን ነካችኝ።

«ቀስ። ማን ያሳድድሻል?»

«መስከረም።»

«መስከረም ደገፍ ላይ ነው የሚመጣው፣ አይደርስብሽም። ተንፍሺና ተይው። አትግፊ።»

ሰባተኛው አስቸጋሪ ነበር። ጡጫ ጨብጦ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ዓይን አፍጥጦ በቁጣ ማየት ነው። ከሲፈን ፊት ለፊት የሚቆሙት ጋሽ ኪሩቤል ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ተቆጣጣሪ፣ ለሁላችንም እንደ አባት የሆኑ። ሲፈን ጡጫዋን ዘረጋችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆጣ ሰው የት አየሽ?» አለቻት ሊን።

«ታላቄ ናቸው እኮ መምህርት፤ እንዴት አፈጥባቸዋለሁ?»

ጋሽ ኪሩቤልም ወደ ጎን እያዩ ነበር የሚቆጡት። በመጨረሻ ሁላችንም ዞረን የብሎክ አሥራ አምስትን ግድግዳ መቆጣት ለመድን። ግድግዳው እስካሁን ምንም አልሆነም።

ጾሙ ሲገባ ክፍተቴ ከክንድ ወረደ። ፋሲካ ሲያልፍ ስንዝር ከጋት ሆነ። ሰኔ ላይ ምንጣፉ «ጋት ተኩል» ሲል ድገም አልኩት፤ ደገመልኝ። እናቴ ሰምታ ከማድ ቤት እልል አለች። የሁሉም ሰው ክፍተት ይወርድ ነበር። ሲፈን ጫማዋን ራሷ ማሰር ጀመረች፤ ጋሽ ኪሩቤል ከአልጋቸው ያለ ደገፍ ወረዱ። ሌሎቹ ግቢዎች ያንኑ ስምንት እንቅስቃሴ፣ በዚያው ሰዓት፣ እንዲያውም ከእኛ አሳምረው ይሠሩ ነበር። የእነሱ ክፍተት ግን እምብዛም አልተነቃነቀም።

እንዲህ ያለ ነገር መድን ጋ ሳይደርስ አይቀርም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ኢዮስያስ የሚባል መርማሪ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ለዛ ያለው፣ ከእኔ የሚተካከል ውፍረት ያለው ሰው ነው። ደገፉ አጥሩ ጋ ሲደርስ አልገባም አለ፤ እዚያው ተቀምጦ ሰላምታ ሰጠን። እኛ ተነስተን ነበር የተቀበልነው።

«ክስ አይደለም» አለ። «ጉጉት ነው። መድኑ አንድ ግቢ ብቻ ለምን እንደሚለይ ማወቅ ይፈልጋል። ምንጣፍ የሚያታልል ሰው ካለ ግን ውጤቱ ይሰረዛል።»

ሲሰረዝ ምን እንደሚሆን አልተናገረም፤ አያስፈልግም ነበር። የእኔ ጋት ተኩል ተሰርዞ ጥር ላይ ወደነበረው ክንድ ይመለሳል፤ እኔም ወደ ወንጂ እሄዳለሁ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ክሬኑን ስነዳ ሐሳቤ ወንጂ ሄዶ አንድ ኮንቴይነር አየር ላይ ብዙ አቆየሁ።

ኢዮስያስ በቁርጭምጭሚታችን ላይ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ቀጭን ገመድ አሰረልንና አጥሩ ጋ ሆኖ ማየት ጀመረ። ሊን የምታዘውን አየ፣ የምንበላውን ጠየቀ፣ የጠጠሩን አፈር እንኳ አስመረመረ። እየቆየ ሲሄድ ጥርጣሬው ጠፋና እውነተኛ ጉጉት ብቻ ቀረው፤ ምሳው ሲመጣለት እንኳ ዓይኑን ከእኛ ላይ አያነሳም ነበር። አንድ ቀን ስንጨርስ ጠራኝ።

«እትዬ ኤልዳና፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተቀምጠው ተነሱ?»

«እኔ? አንዴ ያረፍኩ ይመስለኛል።»

«እግርዎ ላይ ያለው ገመድ እንደዚያ አይልም» አለና መዳፉን ዘርግቶ እዚያ ላይ የበራ ምስላችንን አሳየኝ።

እኔ ነኝ። ብሎኬት ላይ ተቀምጫለሁ። እነሳለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ። ገና ሳልደላደል ደግሞ እነሳለሁ። አጠገቤ ሲፈንም፣ ጋሽ ኪሩቤልም፣ ሁሉም እንደዚያው። ራሴን እንዲህ ሳደርግ አይቼ አላውቅም።

«ምን ሆነን ነው?» አልኩት።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎ።»

ምስሉን ደግሜ አየሁና ሳቄ መጣ። «ሰው ሲመጣ ነዋ! ሰው ሲገባ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነው?»

ነገሩ ይኸው ነበር። ከመካከላችን ሰዓት የሚያከብር አንድም ሰው የለም። ሊን ከጀመረች በኋላ አንዱ ይመጣል፤ ያረፍነው «ኖር» ብለን እንነሳለን። የመጣው «ኧረ አይገባም፣ በእግዜር» ብሎ ጎንበስ ይላል። እሱ ጎንበስ ሲል እኛ ቀጥ ብለን መቆም ስለማይሆን የባሰ ጎንበስ እንላለን። እሱ ተቀምጦ ሳያበቃ ሌላው ይመጣል፤ አሁን ደግሞ እሱም ከእኛ ጋር ይነሳል። ከሁሉም መጨረሻ የምትመጣው እናቴ ናት። ሊፍቱ የሚያውቀው ደገፍን እንጂ ሰውን ስላልሆነ አራቱን ፎቅ በደረጃ ነው የምትወርደው፤ በየፎቁ ደግሞ ሳትጠይቀው የምታልፈው ቤት የለም። እሷ ስትገባ መነሳት ብቻ አይበቃም፤ ጉልበቷን ሊስም የሚያጎነብስም አለ። በሌሎቹ ግቢዎች ይህን ሁሉ ደገፎቹ ያደርጉላቸዋል። የእኛ አጥሩ ጋ ስለቆሙ ነው በራሳችን ጉልበት የምናደርገው።

ኢዮስያስ በጣም ተደሰተ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠ።

«ችግር አለው» አለ። «መነሳቱ ከስምንቱ ጥለት አይደለም። መድኑ የሚቀበለው የተፈቀደው እንቅስቃሴ ያመጣውን ውጤት ነው። ለይቼ ማየት አለብኝ።»

ለይቶ ለማየት የፈለገው ይህን ነበር፦ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ማንም ለማንም እንዳይነሳ፤ ከዚያ ሁላችንም ግቢው ውስጥ እንድንለካ፤ የእኔም የመስከረም ውሳኔ በዚያ ልኬት እንዲሆን። ጋሽ ኪሩቤል ኮፍያቸውን አውልቀው አዩትና መልሰው አደረጉት።

«ልጄ» አሉት፣ «ሰው እየገባ ተቀመጡ ነው የምትለን?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው ጋሼ።»

«ለጥቂት ጊዜ ነውረኛ ሁኑ እያልከን ነው።»

ለእናቴ ማታ ነገርኳት። ብዙ አላሰበችም።

«እንግዲያው እኔ አልወርድም። እኔ ስገባ ተቀምጠሽ ላይሽ አልፈልግም፤ አንቺም ተቀምጠሽ መታየት አትፈልጊም። እስኪያልፍ እዚሁ ሆኜ በረንዳው ላይ አይሻለሁ።»

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ሲገቡ ሁላችንም ተቀምጠን ቀረን። ሳንቲም የጠፋብን ይመስል መሬት መሬት አየን። እሳቸውም እንዳላዩን ሆነው፣ ግድግዳውን ሰላም ብለው አለፉ። ሲፈን እንባዋ መጣ። በማግስቱ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። እያንዳንዱ ሰው ሌላውን እንዳያስቸግር ብሎ ቀደም ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ደግሞ ከቀደሙት ለመቅደም መጣ። ሳምንት ሳይሞላ ጎሕ ሳይቀድ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰብስበን፣ ጋቢ ለብሰን፣ ሐምሌን እየተንቀጠቀጥን ሊንን የምንጠብቅ ሆንን። ሊን መጥታ አየችንና «ማን ሞተ?» አለች።

ስምንቱን ጥለት ከምንጊዜውም አሳምረን ሠራን። ክፍተታችን ግን መመለስ ጀመረ። ሲፈን ጫማዋን ለደገፏ መልሳ ሰጠች። የእኔ ጋት ተኩል ሁለት ጋት ሆነ፣ ቀጥሎ ስንዝር፤ ልኬቱ ሊደርስ ሲል ስንዝር ከሁለት ጣት። ኢዮስያስ ቁጥሮቹን እያየ ከንፈሩን ይነክስ ነበር። መነሳቱ እንደሠራ አሁን ያውቃል፤ ይህን ማወቁ ግን እኔን አያድነኝም። እናቴ የምስር ወጥ ሠርታ አቀረበችልኝ፤ ሁለታችንም አልበላነውም።

የልኬቱ ቀን ዝናቡ ከጠፋ ሰንብቶ ነፋስ ነበር፤ የአዳማን አቧራ የሚያስነሳው ዓይነት። ምንጣፉን ጠጠሩ ላይ አነጠፉት። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሰው ሦስት ጊዜ ይሞክራል፣ ጉልበት አይታጠፍም፣ መቀመጫ ከምንጣፉ ከተነሳ ልኬቱ ይሰረዛል። ሌሎቹ ተለክተው ብሎኬታቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ መጨረሻ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሰደድኩ። «ስንዝር ከሁለት ጣት» አለ ምንጣፉ። ሁለተኛ ሰደድኩ፤ ገፋሁ፣ ሊን አትግፊ ያለችኝን ረስቼ በኃይል ገፋሁ። «ስንዝር ከሦስት ጣት።» ኢዮስያስ መዘገበ። ወንጂን አሰብኩ፣ መስኮቷን አሰብኩ። የእናቴ ድምፅ በምስል እንዴት እንደሚሰማም አሰብኩ፤ ማልቀስ አማረኝ።

ያኔ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ዝግ ያለ፣ በየፎቁ ያልቆመ። እናቴ ከበረንዳው ሁለቱንም ሙከራዬን አይታ ኖሯል። ሻሿን እንዳሰረች ግቢው በር ላይ ብቅ አለች።

ብሎኬቶቹ ተንኳኩ። ጋሽ ኪሩቤል ተነሱ፣ ሲፈን ተነሳች፣ ሁሉም ተነሳ፤ «ኖር፣ ኖር» አሉ። አጥሩ ጋ የተደረደሩት ባዶ ደገፎች እንኳ ከፍ ከፍ አሉ። የኢዮስያስ ደገፍም «ኖር» ሊል ጀምሮ ነበር፤ እሱ በመዳፉ አፈነውና የወንበሩን ክንድ ይዞ ራሱ ለመነሳት ሞከረ። ግማሽ ድረስ ተነሳ፤ እዚያው ቀረ።

እኔ ብቻ ነኝ የተቀመጥኩት። እናቴ ጠጠሩን አቋርጣ መጥታ ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ እግሬ ፊት ቆመች። ከተነሳሁ ተሰርዟል። እናቴ ቆማ እኔ ተቀምጬ፣ እግሬን ወደ እሷ ዘርግቼ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ኀፍረቱ ከፍርሃቱ በለጠብኝ። መነሳት ካልቻልኩ የሚቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኖር እማዬ» አልኩና ጎንበስ አልኩ።

ክፍተቱን አላሰብኩም። እግሯን ነበር የማየው፣ የቀኝ እግሯን ጫማ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ እሱ ነው የሄድኩት። ትንፋሼ ራሱ ወጣ። ከኋላ ወገቤ ላይ ለዓመታት የተቋጠረ ነገር ሲላላ ተሰማኝ፤ አላመመኝም።

«ጋት» አለ ምንጣፉ።

ከእጅ ጣቶቼ እስከ እግር ጣቶቼ አንዲት ጋት ቀርታ ነበር። እናቴ «በእግዜር ልጄ» አለችና ቀሪውን እሷ ጎንበስ ብላ ሞላችው፤ እጄን ያዘችው።

ኢዮስያስ ግማሽ እንደተነሳ ነበር። ወደ ሊን አየ።

«ይቆጠራል?»

«መቀመጫዋ ተነስቷል?» አለችው።

«አልተነሳም።»

«ጉልበቷ ታጥፏል?»

«አልታጠፈም።»

«ታዲያ ሰው ለማን እንደሚያጎነብስ ሕጋችሁ ይናገራል?»

አሰበ። ሕጉ አይናገርም። «ጋት» ብሎ መዘገበና ደገፉ ላይ ዘጭ አለ። እኔ ምንጣፉ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ፤ እናቴ «በቃ፣ በቃ፣ አቧራ ነው» እያለች ለሰዎቹ አስተባበለችልኝ።

መድኑ ነገሩን ወደደው። ከመስቀል በኋላ ዘጠነኛ ጥለት እንዲጨመር ተወሰነ፤ በየግቢው ስምንቱ ሲሠራ መሐል ላይ አዛውንት ይገባሉ፣ ሰው ይነሳል፣ ደገፎች ዝም ይላሉ። ለየግቢው አዛውንት ከየት ይመጣል ሲባል እንደ ሰው የሚራመድ የብርሃን ምስል ይበቃል ተባለ። ምስሏን እንዲወስዱ የጠየቁት እናቴን ነበር። እሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሊፍቱ በእግሩ ለሚመጣ ሰውም እንዲከፈት። ተስማሙ። ሊፍቱ ተከፈተላት፤ እሷ ግን አሁንም በደረጃው ነው የምትወርደው፤ ጎረቤት ሳልጠይቅ አላልፍም ብላ።

አሁን እናቴ በጅግጅጋም በጋምቤላም በአንድ ሰዓት ትገባለች። የሲፈን ወንድም ከሜዳ መንደር ደውሎ ነበር። «የኤልዳና እናት ዛሬ እኛም ጋ ገቡ» አለ፤ «ሁላችንም ለመነሳት ሞከርን።» ሲፈን ከወንድሟ ኋላ ያለችውን መስኮት አየች። ከወትሮው ትንሽ ዝቅ ብላ ትታይ ነበር።

ምስሉ ወደ እኛ ግቢ የመጣ ቀን እናቴ ለማየት ጓጉታ ቀድማ ወርዳ ብሎኬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ምስሉ በበሩ ገባ፤ ሻሽ አስሯል፣ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ሁላችንም ተነሳን። እናቴም ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

«እማዬ፣ አንቺው ነሽ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ብሆንስ፣ ያቺ ሴትዮ ትልቅ ሰው አይደለችም?»

ምስሉ «በእግዜር ልጆቼ፣ ተቀመጡ» አለ። እናቴ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችውና «ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ ተቀመጠች። ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደባት። ክንዷን ያዝኩላት፤ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደቀለለች አላውቅም። አንድ ቀን ከሁለቱ አንዷ ብቻ እንደምትገባ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ፈራሁ።

ምስሉ አይዘገይም። ሊን ስድስተኛውን ስታበቃ ይገባል፤ ሁሉም «ኖር» ብሎ ይነሳል፣ ሁሉም ይቀመጣል። እኔ አልቀመጥም። ምስሉ አልፎኝ ሲሄድ ፊቴን ወደ ደረጃው አዞራለሁ፤ ከየፎቁ በር የሚሰማው የሰላምታ ድምፅ እየቀረበ እየቀረበ መጥቶ የእናቴ እግር ጠጠሩን እስኪረግጥ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።